ባቱ (ዝዋይ) ለቅዳሜና እሁድ፦ ከእናቴና ከልጆች ጋር እንዴት ላቅደው?

የገርጂዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ጾመ ነቢያት ሳይገባ፣ ከኅዳር 15 በፊት ቤተሰቡን ይዤ አንድ ቅዳሜና እሁድ ከአዲስ አበባ ወጣ ማለት አስቤያለሁ። የምንሄደው እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ9 እና የ5 ዓመት ልጆቻችን፣ እንዲሁም እናቴ ነን። እማዬን ጉልበቷን ያማታል። ረጅም ሰዓት መኪና ውስጥ መቀመጥ ስለማትችል ሐዋሳን ትተነዋል። ቢሾፍቱ ደግሞ በየሰርጉ ስለምንሄድ ልጆቹ አዲስ ነገር አያዩበትም። ስለዚህ ባቱን መረጥን፤ እማዬ እስከ ዛሬ ዝዋይ ነው የምትለው።

መኪናችን ቪትስ ናት። ቅዳሜ ጠዋት ወጥተን እሁድ ማታ ቤታችን መግባት አለብን፤ ሰኞ ትምህርትም ሥራም አለ። መጀመሪያ ያሰብነው ቅዳሜ ባቱ ምሳ በልተን ላንጋኖ ማደር፣ እሁድ አብያታን አይተን፣ ከተቻለም ሻሸመኔ ድረስ ዘልቀን መመለስ ነበር። ባለቤቴ ይቻላል ይላል። እኔ ግን ሁለቱንም ቀን መኪና ውስጥ እንዳናሳልፈው ፈራሁ።

እማዬ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሐይቁ ላይ ያለውን የደብረ ጽዮን ገዳም ማየት። ታቦተ ጽዮን አርፋበታለች ሲባል ከልጅነቷ ጀምሮ እየሰማች ነው ያደገችው። ጉልበቷ ይችለው ይሆን? ጀልባው ለትንሹ ልጅ አያሰጋም ወይ? ልጆቹ ሐይቁ ውስጥ ቢገቡስ ችግር አለው? ሆቴል የሚሻለው ሐይቁ ዳር ነው ወይስ ከተማው ውስጥ? የምታውቁ ንገሩኝ፤ ከወዲሁ አመሰግናለሁ።

ሹፌሩ

እህቴ፣ ፍርሃትሽ ልክ ነው። ባቱ፣ ላንጋኖ፣ አብያታ፣ ሻሸመኔ በሁለት ቀን? መድረሱን ትደርሳላችሁ፣ ግን ምንም አታዩም። እናትሽም ጉልበታቸውን እያሻሹ ነው የሚውሉት። አንዱን ምረጡና እዚያው ተቀመጡ።

መንገዱን ልንገርሽ። ባቱ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከገርጂ ስለምትነሱ መሀል ከተማ መግባት አያስፈልጋችሁም፤ በጎሮ አድርጋችሁ ቱሉ ዲምቱ ላይ የአዳማውን ፈጣን መንገድ ያዙ። ሞጆ ጋ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው ፈጣን መንገድ ትታጠፉና በቀጥታ ባቱ ነው። ድሮ በቆቃ፣ በዓለም ጤና፣ በመቂ እያሉ ጋሪውንና ባጃጁን እያሳለፉ ሲሄዱ በጣም ያደክም ነበር። አሁን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከተነሳችሁ፣ እናትሽ እግራቸውን እንዲያፍታቱ መሀል ላይ ቆም ብላችሁም እንኳ ከ3 ሰዓት ብዙም አያልፍባችሁም።

ለቪትሷ አታስቢ፤ እስከ ባቱ ድረስ አስፋልት ነው። ግን ጎማ ይታይ። ያረጀ ጎማ ፈጣን መንገድ ላይ ሲግል ይፈነዳል፣ ከቆቃ ወዲያ ደግሞ ሙቀቱ ሌላ ነው። አርብ ዕለት ጎሚስታ ጋ ጎራ ብላችሁ ነፋሱን አስለኩ፤ ቅያሪ ጎማዋንም አትርሱ፣ አብዛኛው ሰው እሷን አያያትም። አምስት ሰው ከነሻንጣው ሲጫን መኪናዋ ስለምትከብድ ባለቤትሽ ፍጥነቱን ቀነስ ያድርግ። ቤንዚን አዲስ አበባ ሞልታችሁ ውጡ፤ እዚያ እቀዳለሁ ብሎ መሄድ ዕረፍቱን ሰልፍ ላይ ያስጨርሳል።

ማታ አትንዱ። ይህን አጥብቄ ነው የምነግርሽ። እሁድ 8 ሰዓት ላይ ከባቱ ብትወጡ ገና በብርሃን ትገባላችሁ። ከዚያ ካመሻችሁ ግን ከየአቅጣጫው የሚመለሰው መኪና ቱሉ ዲምቱ ላይ ይከመርና ልጆቹ እዚያው ይተኙባችኋል። ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት ለሆቴሉ ደውላችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። በየቀኑ እንግዳ ስለሚቀበሉ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

የባቱ ልጅ

ተወልጄ ያደግኩት ባቱ ነው። ሰው ከተማችን ምሳ በልቶ ሲያልፍ ሁሌም ቅር ይለኛል፣ ምክንያቱም አብዛኛው መንገደኛ ከዋናው አስፋልት ወርዶ አያውቅም። ሐይቁ ከአስፋልቱ አይታይም። ወደ ምሥራቅ ትንሽ ገባ ማለት ይፈልጋል፤ በባጃጅ ጥቂት ደቂቃ ነው።

መጀመሪያ ስለ ሐይቁ ጠባይ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ዕቅድሽን የሚወስነው እሱ ነው። ዝዋይ ሐይቅ ሰፊ ነው፤ ወደ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ጥልቀቱ ግን ትንሽ ነው። በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ 9 ሜትር ገደማ ነው፣ አብዛኛው ግን ከ3 ሜትር አይበልጥም። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይናወጣል። ጠዋት ዝም ብሎ የተኛው ሐይቅ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ሌላ ሐይቅ ይሆናል፤ ማዕበሉ ጀልባውን ይደበድባል፣ ከታች ያለው ደለል ተነስቶ ውሃው ይደፈርሳል። ስለዚህ ጀልባ ማለት ጠዋት ማለት ነው። ከቀትር በኋላ "ችግር የለውም፣ እንሂድ" የሚል ባለጀልባ ካጋጠመሽ በተለይ ልጆች ይዘሽ እሺ አትበይ።

ቱሉ ጉዶ፣ ማለትም ደብረ ጽዮን ያለበት ደሴት፣ ከአምስቱ ደሴቶች ትልቁ ነው፤ ሩቅም ነው። በሞተር ጀልባ መሄጃው ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ደሴቱ ኮረብታ ስለሆነ ከወረዱ በኋላ ሽቅብ መውጣት አለ። ጉልበት ለሚያማቸው እናት፣ በዚያ ላይ የ5 ዓመት ልጅ ተይዞ፣ ይከብዳል ብዬ ነው የማስበው። ከጀልባ መውጣትና መግባቱም ቢሆን እንደ ደረጃ የሚመች አይደለም፤ ሰው እጅ ይዞ ነው የሚያወጣው። ገሊላና ደብረ ሲና ግን ቀረብ ይላሉ። ከእናንተ ጋር እኔ ብሄድ ወደ እነዚህ ነው የምወስዳችሁ። ደብረ ሲና ላይም ቤተ ክርስቲያን አለ።

ጀልባ ስትከራዩ ዋጋውን ለጀልባው ተነጋገሩ፣ በሰው ቁጥር አይሁን። መሄጃና መመለሻ እንደሆነ፣ ደሴቱ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቃችሁ፣ ነዳጁ ተካትቶ እንደሆነ ቁርጡን ሳታውቁ አትሳፈሩ። ቀብድ ቢጠይቅ ስጡ፣ ቀሪውን ስትመለሱ ትከፍላላችሁ። ላይፍ ጃኬት በልጆች ልክ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። የአዋቂውን ለትንሽ ልጅ ማልበስ ዋጋ የለውም፣ ውሃ ውስጥ በጭንቅላቱ በኩል ሾልኮ ይወጣል። ጉማሬ ማየታችሁ አይቀርም። ጠጋ በልልን ብላችሁ ባለጀልባውን አትገፋፉት፣ እሱ ርቀቱን ያውቃል። ሲመሻሽም ቄጠማው ዳር ዳር በእግር አትሂዱ፤ ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣው በዚያ ሰዓት ነው።

ለልጆቹ ግን ከጀልባውም በላይ የሚደንቃቸው ጀልባዎቹ የሚቆሙበት ዳርቻ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ጠዋት መረባቸውን ይዘው ሲገቡ ዓሣው እዚያው ይጸዳል። አንዱ ልጅ ቅርፊቱን ይፍቃል፣ ሌላው ቢላውን ከጭራው በኩል አስገብቶ በአከርካሪው ጎን ይስብና ሥጋውን ባንድ ጊዜ ከአጥንቱ ይለየዋል። አንጀቱንና ጭንቅላቱን ወደ ኋላው ሲጥል አባ ኮዳዎቹ ይሻማሉ። አባ ኮዳ ቁመቱ የ9 ዓመቷን ልጅ ሊያክል ይችላል፤ ራሰ በራ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት የተንጠለጠለበት ትልቅ ወፍ ነው፣ ሰው አይፈራም። ፔሊካኖቹ ደግሞ ውሃው ላይ ሆነው አፋቸውን ይከፍታሉ። ልጆቹን ከዚያ ማንሳት ነው የሚቸግርሽ።

ነርሷ

ሐይቁ ውስጥ መግባትን በተመለከተ መልሱ አጭር ነው፤ አይግቡ። ዝዋይ ሐይቅ ቢልሃርዚያ አለበት። የሚተላለፈው በውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣ ነው። ከቀንድ አውጣው የሚወጣው ትል በዓይን አይታይም፣ ቆዳ ሰርስሮ ነው የሚገባው። ለመያዝ ውሃውን መጠጣት ወይም መዋኘት የግድ አይደለም፤ ሣር ያለበት ዳርቻ ላይ እስከ ቁርጭምጭሚት ድረስ እግር መንከር ይበቃል። ቀንድ አውጣው ደግሞ የሚወደው ልጆች ሊጫወቱ የሚመርጡትን ያንኑ ጠለል ያለ ዳርቻ ነው። ስለዚህ "እግራቸውን ብቻ ያርጥቡ" የሚባል ነገር የለም። የጀልባው ውሃ ረጨት ካደረጋቸው ቶሎ በፎጣ አድርቂያቸው፤ ለዚያ ብለሽ ግን አትጨነቂ። ምናልባት ገብተው ከተገኙ ከሳምንታት በኋላ ሐኪም ጋ ወስደሽ ሐይቅ ውስጥ እንደነበሩ ተናገሪ። ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው፣ በደንብ ይድናል። ችግሩ ሳይታወቅ ዓመታት ሲቆይ ነው።

ሁለተኛው ወባ ነው። የስምጥ ሸለቆው ከተሞች የአዲስ አበባን ያህል ከፍታ የላቸውም፣ በተለይ ክረምት ካለፈ በኋላ ያሉት ወራት የወባ ወራት ናቸው። ከ12 ሰዓት ጀምሮ ልጆቹን እጀ ጉርድ አታልብሺ፤ ረጅም ሱሪና ካልሲ ይሁን። አጎበር ያለው ክፍል ጠይቂ፣ ከሌለው ከቤት ይዘሽ ሂጂ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ውስጥ ከአምስታችሁ አንዱ ቢያተኩሰው "ጉንፋን ነው" ብለሽ አትተኚ፣ በዚያው ቀን ደም ይታይ። ለሐኪሙም ባቱ እንደነበራችሁ ንገሪው። አዲስ አበባ ያለ ሐኪም ያን ካልሰማ ወባን ላያስብ ይችላል።

ላንጋኖን እወዳለሁ

እኔ ትንሽ ልለይ። ልጆች ይዞ ሐይቅ ዳር ሄዶ ውሃ አትንኩ ማለት ቅጣት ነው። ላንጋኖ ቢልሃርዚያ የለበትም ተብሎ ስለሚታወቅ ሰው ሁሉ የሚዋኘው እዚያ ነው። ውሃው ቡናማ ስለሆነ የቆሸሸ ይመስላል እንጂ ቀለሙ ከደለሉ የመጣ ነው። አሸዋው አለ፣ ልጆች ቀኑን ሙሉ ቢቆፍሩ አይሰለቻቸውም። ከባቱ ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ትደርሳላችሁ። ባቱ ምሳ በልታችሁ ላንጋኖ ማደር እንዳሰባችሁት ብታደርጉ እኔ እስማማለሁ፤ አብያታና ሻሸመኔን ግን ተዉት።

የባቱ ልጅ

ወንድሜ፣ ላንጋኖ ለዋና ጥሩ ነው፣ አልክድም። እሷ ግን ዋና ብላ አልመጣችም። እናቷ ገዳም ማየት ይፈልጋሉ፣ ጉልበታቸው መኪና አይወድም። ላንጋኖ ካደሩ ጠዋቱን፣ ማለትም የሐይቃችንን ምርጥ ሰዓት፣ አያገኙትም። ልጆቹ ለመዋኘት ካለቀሱ መዋኛ ገንዳ ያለው ሆቴል መያዝ ይቻላል፤ ሲደውሉ ገንዳው ውሃ እንዳለው ጭምር ይጠይቁ።

የጽዮን ልጅ

እህቴ፣ የእናትሽ ምኞት ልቤን ነካው። ታሪኩን እንደሰማሁት ላካፍልሽ። በዮዲት ጉዲት ዘመን አክሱም ስትጠፋ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደ ደቡብ ሸሽተው ዝዋይ ደሴት ላይ እንዳሳረፏት፣ እዚያም 70 ዓመት ያህል እንደቆየች አባቶች ይተርካሉ። ደሴቱ ደብረ ጽዮን መባሉም ከዚሁ ነው። በደሴቶቹ የሚኖሩት የዛይ ሕዝቦች ናቸው፤ ዓሣ እያጠመዱ፣ ተራራውን በእርከን እያረሱ ሃይማኖታቸውን ጠብቀው ለዘመናት ኖረዋል። ቋንቋቸው ከስልጢኛና ከሐረሪ ጋር ይዛመዳል። የብራና መጻሕፍትም ጠብቀው አቆይተዋል። ዛሬ ብዙዎቹ ወደ ዳርቻው ወጥተው ነው የሚኖሩት፤ ባለጀልባችሁ የዛይ ልጅ ከሆነ ስለ ደሴቶቹ ጠይቁት፣ ከማንም የተሻለ ያጫውታችኋል።

እናትሽ ደሴቱ ላይ መውጣት ባይችሉም እንዳይከፋቸው የሚያደርግ ነገር ደግሞ እዚያው ከተማው ውስጥ አለ። የዝዋይ ሐመረ ብርሃን ቅዱስ ገብርኤል ገዳም። ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ ካህናት ማሠልጠኛ ያቋቋሙበት፣ ከየዩኒቨርሲቲው የሚመጡ ወጣቶችን ያስተማሩበት ቦታ ነው። መቃብራቸውም እዚያው ነው። በእናትሽ ዕድሜ ያለች የቤተ ክርስቲያን ሰው ስማቸውን በደንብ ታውቃለች። መኪና እስከ ደጁ ይገባል፣ ሽቅብ መውጣት የለም። እሁድ ቅዳሴ እዚያ ቢያስቀድሱ እኔ ዝዋይ ሄድኩ ከማለት በላይ የሚሆንላቸው ይመስለኛል።

የገርጂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመልሶቹን ግማሽ ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። አቡነ ጎርጎርዮስ ሲባል ስትሰማ "እሳቸው ያረፉበት ከሆነማ ሌላ ምን እፈልጋለሁ" አለችና ጉዳዩ አለቀ። ላንጋኖ ቀርቷል፣ ባለቤቴም ተስማምቷል።

አሁን የተቸገርኩት ሰዓቱ ላይ ነው። የባቱ ልጅ ጀልባ ጠዋት ነው አለ። ቅዳሴም ጠዋት ነው። ሁለቱም እሁድ ላይ ወደቁብኝ። ቅዳሜ ደግሞ ስንደርስ 3 ሰዓት ይሆናል፣ ዕቃ አውርደን ልጆቹ ቁርስ በልተው ይረፍዳል። አርብ ማታ እንነሳ እንዳልል ሹፌሩ በጨለማ አትንዱ ብሏል፣ እኔም እፈራለሁ። ባለቤቴ እማዬን ቤተ ክርስቲያን አድርሶ እኔ ከልጆቹ ጋር ጀልባ ልሂድ ወይ? ብቻዬን ሁለት ልጅ ይዤ ጀልባ ላይ መውጣት ግን አልደፍርም።

የባቱ ልጅ

መከፋፈል አያስፈልግም። የእሁድ ቅዳሴ 3 ሰዓት አካባቢ ያልቃል። እናንተ ሁላችሁም በማለዳ ገዳሙ ሂዱ፤ ልጆቹ ከከበዳቸው አባታቸው ዘግየት ብሎ ያምጣቸው። ስትወጡ ትንሽ ቀማምሳችሁ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ጀልባ ላይ ናችሁ። ገሊላ ወይም ደብረ ሲና ደርሳችሁ፣ ዞር ዞር ብላችሁ፣ 6 ሰዓት ሳይሞላ ወደ ዳርቻው ተመለሱ። ነፋሱ የሚበረታው ብዙውን ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው። ለዚህ ግን ባለጀልባውን ቅዳሜ ማናገርና ቀብድ መስጠት አለባችሁ፣ እሁድ ጠዋት ብትፈልጉት ሌላ እንግዳ ወስዶት ታገኙታላችሁ።

ቅዳሜ ስትደርሱ ምንም አታቅዱ። እናታችን ጋደም ይበሉ፣ ምሳ ዓሣ ብሉ፣ 10 ሰዓት ገደማ ፀሐዩ ሲበርድ ሁላችሁም ዳርቻው ሂዱ። ለእሳቸው ወንበር የሚሰጥ ሻይ ቤት አይጠፋም።

ዓሣውን ልንገርሽ። እኛ ጋ ቆሮሶ ነው ንጉሡ። ሙሉውን ጎንና ጎኑ በቢላ ተሸንትሮ በዘይት ይጠበስና ከዳጣ፣ ከሎሚና ከእንጀራ ወይም ከዳቦ ጋር ይቀርባል። ሽንትሩ ጥቅጥቅ ያለ ከሆነ ጥቃቅኑ አጥንት አብሮ ይጠበሳል፣ ቆዳውም ይንኮሻኮሻል። ለትንሹ ልጅ ግን ሙሉ ዓሣ አታዢለት፣ አጥንት አይቶ መለየት አይችልም። ጉላሽ ወይም ኮተሌት ይሁንለት፣ እሱንም ቢሆን በእጅሽ ፈርፍረሽ አጉርሺው። አምባዛም አለ፤ ቅርፊት ስለሌለው የማይበሉት ብዙ ናቸውና እናታችን ከነዚያ ከሆኑ ስታዢ "ቆሮሶ ይሁን" ብለሽ ቁርጡን ተናገሪ። በተለይ ጉላሽ ላይ ከተቆራረጠ በኋላ አይለይም።

ሆቴል ሐይቁ ዳር ቢሆን እመርጥላችኋለሁ፤ ጠዋት ስትነሱ ወፉ አለ፣ ልጆቹ የሚሮጡበት ግቢ አለ። ከተማው ውስጥ ዋጋው ይቀላል፣ የአስፋልቱ ጩኸት ግን አለ። የትም ያዙ፣ ለእናትሽ ምድር ላይ ያለ ክፍል እንዲሰጧቸው ከአሁኑ ንገሪያቸው፣ ደረጃ እንዳይወጡ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አላቸው ወይ፣ ውሃስ በሰዓት ነው ወይ የሚለቁት፣ እነዚህን ሳትጠይቂ ገንዘብ አትላኪ።

ወፍ ተመልካች

ኅዳር ስትሉ ጊዜውን አሳምራችሁታል። ከጥቅምት ጀምሮ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሸሹት ወፎች ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ይመጣሉ፣ እስከ የካቲት መጨረሻ ድረስም ይቆያሉ። የራሳችንም አሉ። ልጆቹን ሦስት ነገር አስፈልጊያቸው። አንዱ ነጭ ጭንቅላትና ነጭ ደረት ያለው፣ ዛፍ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ የሚጮኸው ንስር ነው፤ ከውሃ ላይ ዓሣ ሲመነትፍ ካዩ ዕድለኞች ናቸው። ሁለተኛው ጣቶቹ በጣም ከመርዘማቸው የተነሳ ውሃ ላይ በተንሳፈፈ ቅጠል ላይ ሳይሰምጥ የሚራመደው ቡናማ ወፍ ነው። ሦስተኛው ጥቁርና ነጭ ሆኖ አየር ላይ ባንድ ቦታ ክንፉን እያርገበገበ ቆሞ ድንገት ወደ ውሃው የሚወረወረው ትንሹ ዓሣ አዳኝ ነው። ባይናኩላር ካላችሁ ያዙ፣ ባይኖርም እነዚህ ቅርብ ናቸው።

አንድ ልመና አለኝ። ልጆቹ ለአባ ኮዳ ዳቦ ወይም ብስኩት አይስጡ፣ ፌስታልና የውሃ ጠርሙስም ዳርቻው ላይ አይቅር። ያን ሐይቅ የሚጎዳው ብዙ ነው። ለመስኖ ውሃው ይቀዳል፣ እምቦጭም ገብቶበታል። የቀሩትን ወፎች የያዘ ውሃ ነው፣ እኛ እንግዶቹ ደግሞ ሸክም ልንጨምርበት አይገባም። ወደ አብያታ የሚወርደው የቡልቡላ ወንዝም መነሻው ይህ ሐይቅ ነው፤ ዝዋይ ሲጎድል አብያታም አብሮ ይሸሻል።

የገርጂዋ

በጣም ነው የረዳችሁኝ። እንግዲህ እንዲህ አድርገነዋል። አርብ ጎማና ቤንዚን። ቅዳሜ 12 ሰዓት ጉዞ፣ ምሳ ቆሮሶ፣ ከቀትር በኋላ ዕረፍት፣ 10 ሰዓት ላይ ዳርቻው፣ ባለጀልባ ማናገር። እሁድ በማለዳ ገዳሙ፣ ከዚያ ደብረ ሲና፣ ምሳ፣ 8 ሰዓት ላይ ወደ ቤት። ሆቴል ደውዬ ምድር ላይ ያለ ክፍል ይዘውልኛል፣ አጎበርም አለን ብለዋል፤ እኔ ግን የራሴንም እይዛለሁ።

ሁለት ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። እሁድ ጠዋት ነፋስ ቢሆንስ? እና ደግሞ ለጎረቤት ዓሣ ይዤ መመለስ ፈልጌ ነበር፤ አዲስ አበባ ሳይበላሽ ይደርሳል?

የባቱ ልጅ

ነፋስ ከሆነ ባለጀልባው ራሱ ይነግርሻል፤ ካልነገረሽም አንቺ ውሃውን እዪ። ከዳርቻው ሆነሽ ነጭ አረፋ የሚያወጣ ማዕበል ካየሽ ቅሪ። ቀብዱን የሚመልስ እንዲሆን ቅዳሜ ስትነጋገሩ ተስማሙ። በዚያ ሰዓት ዳርቻው ላይ ዓሣ ሲጸዳ ማየት ይቻላል፣ በጋሪ ከተማውን መዞርም አለ። ጋሪ አሁን እንደ ድሮው አይበዛም፣ ብታገኙ ግን ልጆቹ ይወዱታል።

ዓሣ ይደርሳል፣ መኪናዋ ከመነሳቷ ትንሽ ቀደም ብለሽ ከገዛሽ። ጉንጩን ገልጠሽ እዪ፣ ስንጥቡ ቀይ ይሁን፤ ዓይኑ ያበጠና የሚያበራ እንጂ የጎደጎደና የደፈረሰ አይሁን። በጣትሽ ስትጫኚው ሥጋው ይመለስ። እዚያው አስጸድተሽ፣ አጥንቱን አስለይተሽ፣ በፌስታል ደራርበሽ በረዶ ባለበት የምግብ ሣጥን ውስጥ ክተቺው። ሣጥን ከሌለሽ ማታ ከሆቴሉ ማቀዝቀዣ ውስጥ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ አስረግተሽ ከዓሣው ጋር ጠቅልዪው። ቪትሷ ውስጥ ኋላ ሳይሆን እግር ሥር፣ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ አስቀምጪው። ባለቤትሽ መንገድ ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት እንግዛ ቢልሽ ደግሞ በመቂ በኩል ባለው በአሮጌው መንገድ መሄድ አለባችሁ፣ ፈጣን መንገዱ ከተማ ውስጥ አያስገባም። ያ ሰዓት ይጨምራል፤ ዓሣ ይዛችሁ ከሆነ በፈጣኑ ተመለሱ።